አንዴ ብቻ የጠየቀው ሰብሳቢ

ሀጀራ በየጠዋቱ ከደጃፍ ሳታልፍ ቆም ብላ የሻሿን ቋጠሮ ከማጅራቷ ላይ ጠበቅ ታደርጋለች። ወፍጮ ቤት ትሂድ፣ ገበያ ትውጣ፣ ለውጥ የለውም። እናቷ እቴቴ ከጓዳ ሆነው «ዛሬ ደግሞ ጠቡ ከማን ጋር ነው?» ይሏታል።

መካነ ሰላም ውስጥ ሀጀራን የማያውቃት የለም። አምስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ እኩዮቿ ሱቅ ሲከፍቱ እሷ በየትምህርት ቤቱና በየገበያው እየዞረች ስለ በልግ ዝናብ ማውራት ጀመረች። ደመወዝ የሚከፍላት የለም። ለምን እንደምትደክም ሲጠይቋት፣ ዓረብ አገር የሰደዳት ደላላ ሳይሆን ዝናቡ መሆኑን ትናገራለች። የወላጆቿ መሬት ከአቀስታ በላይ ካለው ደጋ ነው። እዚያ በልግ ከቀረ ገብስ የለም፤ ገብስ ከሌለ ሴት ልጅ ፓስፖርት ታወጣለች።

በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስለ አየር ንብረት የሚሟገት አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ ደርባን ላይ ለሚደረገው የመንግሥታት ድርድር ታዛቢ አድርጎ መረጣት። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው፤ ግን ንግግሩ በዐረብኛም ስለሚተረጎም በጆሮ ማዳመጫ ልትከታተለው ትችላለች። የማኅበሩ አስተባባሪ የኋላሸት ደሴ ድረስ ጠርቶ ደንቡን አስረዳት። ታዛቢ ከኋላ ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ የሚናገረው ውጭ ወጥቶ ነው። አዳራሽ ውስጥ ድምፁን ያሰማ እንደሆነ ባጁን ይነጠቃል፤ ማኅበሩም ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። ሀጀራ ገብቶኛል አለች። ገብቷትም ነበር።

ከመሄዷ በፊት ግን የደጋው ሽማግሌዎች አስጠሯት። ሼኽ አብዱራህማን ደም የሚያደርቁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚያከብርላቸው አስታራቂ ናቸው። በሳቸው ሸንጎ የማይጣስ ወግ አለ። ነገሩ ሊዘጋ ሲል «የከፋው አለ?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ከሦስተኛው በኋላ ተቀምጦ የተገኘ ተስማምቷል፤ ነገ ቢከፋው አይሰማም፤ ልጁም ቢከፋው አይሰማም። ያልተስማማ ይቆማል። የቆመ ሰው ቢሸነፍ እንኳ ውሳኔው አያስረውም።

ታዛቢ ማለት ምን እንደሆነ ስትነግራቸው አቶ አሻግሬ የሚባሉ ጎረቤት ገበሬ ሳቁ። ድግስ ቤት ሄዶ ወጡን አሽትቶ መመለስ ነዋ፣ አሉ። ሼኹ አልሳቁም።

«ልጄ፣ እዚያ የምትቀመጪው ብቻሽን አይደለም። እኛም አብረንሽ ነን የምንቀመጠው።»

ደርባን ላይ ሀጀራ ከኋላው ረድፍ ተቀምጣ ሰነበተች። ባለ ከረባቶቹ በአንዲት ቃል ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቁ ሰማች፤ ስለ ገበሬ ግን ሲያነሱ እምብዛም አልሰማችም። በመጨረሻው ጉባኤ፣ ዝናቡን የሚያዛባውን ጭስ ማን መቼ ይቀንስ የሚለው ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ይተላለፍ ተባለ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። ማዳመጫዋ ውስጥ ያለችው አስተርጓሚ «ተቃውሞ አለ?» አለች።

ማንም አልተነሳም። ሀጀራ አልደነገጠችም። ገና ሁለት ጥያቄ ይቀራል ብላ ነበር፤ እስከ ሦስተኛው ከነዚህ ሁሉ ባለሥልጣኖች አንዱ መቆሙ አይቀርም። ደንቡን አክብራ፣ ወንበሯን ሳታስነጥቅ ትመለሳለች።

ሰብሳቢው ግን ደግሞ አልጠየቀም። ውሳኔውን ሊዘጋ መዶሻውን አነሳ።

እዚህ የሚጠየቀው አንዴ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባት። ደጋው ሁሉ፣ እቴቴም፣ ገና ያልተወለዱትም በሷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም እንዳሉ ታያት። ብድግ አለች። አምስት ዓመት ሙሉ «ሃዲር፣ እሺ እመቤቴ» ስትልበት በኖረችው ዐረብኛ፣ አዳራሹን በሚሰነጥቅ ድምፅ ተናገረች።

«አልተስማማንም።»

መዶሻ የያዘው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሺህ አንገት ወደ ኋላ ዞረ። ጠባቂዎቹ ትሑት ነበሩ፤ በክንዷ ይዘው አወጧት፤ ባጇንም ከአንገቷ ላይ አወለቁ።

ማታውን፣ አብሯት ደርባን የመጣው የኋላሸት የሷ ፊርማ ብቻ የቀረው የይቅርታ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የገጠር ልጅ ናት፣ ደንቡን አላወቀችም ካልን ይምሩናል አላት።

«አውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ሀጀራ፣ ማኅበሩን አስበሽዋል?»

«ማኅበሩ እኔን ያስወጣ። አላወቅሁም ብዬ ግን አልፈርምም። ሳላውቅ ከቆምኩ አልቆምኩም ማለት ነው፣ ወንድሜ።»

ማኅበሩም አስወጣት። ከጉዞዋ ይዛ የመጣችው ያበጠ እግርና የደርባን ጉንፋን ነው።

ደጋው ላይ ሽማግሌዎቹ ይጠብቋት ነበር። ሼኽ አብዱራህማን ስለ አውሮፕላኑም ስለ ባሕሩም አልጠየቁም።

«ተቀምጠሽ ነው ወይስ ቆመሽ?»

«ቆሜ ነው፣ ሼኽዬ።»

«እነሱስ?»

«ከወጣሁ በኋላ መዶሻውን መቱት።»

«ይምቱት» አሉ። «እኛን አያስረንም። ከዛሬ ጀምሮ የከፋው ሁሉ መጮህ ይችላል።»

አቶ አሻግሬ፣ ዝናቡስ? አሉ። በዚያ ዓመት በልጉም ቀረ።

ሀጀራ ግን ያለ ማኅበርም፣ ያለ ባጅም መዞሯን አልተወችም። በአጅባር ገበያ ቀን፣ በመካነ ሰላም ትምህርት ቤቶች፣ አፏን ሞልታ ያው አንድ ነገር ትናገራለች፦ ስማችን ከተስማሙት ውስጥ የለም። «ምን አመጣሽ?» ብለው የሚያላግጡባትን፣ የመጮህ መብታችሁን ነዋ፣ እሱን ካልፈለጋችሁት መልሱልኝ ትላለች።

ይህ ሲጻፍ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለምናለች፤ ሼኹ ከሰሙት ነውር ነው ብላ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የመዶሻውን ድምፅና የተከተለውን ጭብጨባ በተዘጋው በር ሰማች። ጎንበስ ብላ አንድ እግር ጫማዋን አወለቀች፤ ጠባቂው ሮጦ መጥቶ እስኪነጥቃትም በተረከዙ በሩን ደበደበችው።