ሰውነቴ ያውቀዋል ያሉት አጎቴ

መስከረም አሥር ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አጎቴ በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ። ለመስቀል አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ወልቂጤ ግቢያቸው ውስጥ የመስቀሉን እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው እግራቸውን መታቸው። ያን እንጨት ሌላ ሰው አያስነኩም ነበር፤ «የአባወራ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ባጃጅ አስቁሜ፣ «ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው መርፌ ይወጉ» ስላቸው ሳቁብኝ።

«ኩፍኝ አንዴ የያዘውን ሰው ዳግመኛ ይይዘዋል እንዴ?»

«አይይዘውም።»

«እኔንም በወጣትነቴ መንጋጋ ቆልፍ ይዞ ለቆኛል። ሰውነቴ ያውቀዋል። መርፌውን አንተ ተወጋ፣ ፈሪ!»

ባጃጁን ራሳቸው ሸኙት።

ስለ ኩፍኝ ልክ ነበሩ፤ ሰውነት አንዴ ያሸነፈውን ኩፍኝ ለይቶ ያስታውሳል። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ግን፣ አንድ ሐኪም በኋላ እንደነገረኝ፣ ሰው ለመግደል የሚበቃው እጅግ ጥቂቱ ነው። ከማነሱ የተነሳ ሰውነት ለይቶ ሊያስታውሰው አይችልም፤ ስለዚህ ከበሽታው የዳነ ሰውም መከተብ አለበት። ያኔ ከሞት ሲተርፉ ይህን የነገራቸው አልነበረም።

እንጨቱ በግማሽ ተፈልጦ ዝናብ እየመታው ነው። ልጆቻቸውም አልነኩትም።

ጤና ጣቢያውን ጠይቄ ነበር። አጎቴ በቆሰሉበት ዕለት ክትባቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር።