ውሃ የበላው ሽጉጥ

አርቪድ ሶልባከን መቀመጥ አይሆንለትም። ስድሳውን አልፏል፤ ቂጡ ግን እስካሁን ወንበር አልለመደም። ሐሙስ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ቁርስ በሚበላበት ቤት እንኳ ቡና ሲያልቅ አስተናጋጇን ጆሊንን አይጠብቅም፤ ራሱ ከባንኮኒው ጀርባ ገብቶ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይመጣል። ጆሊን መቆጣቱን ከተወች ቆይታለች። ሚስቱም ትታዋለች፤ መቆጣቱን ማለቴ ነው።

እጁ ግን ወርቅ ነው። በዚያች የሰሜን ሚኒሶታ ሐይቅ ዳር ከተማ ሽጉጡን ማሳመር የፈለገ ሁሉ የሚሄደው አርቪድ ጋራዥ ነው። አፈሙዝ ይቀይራል፣ ምላጭ ያለሰልሳል፣ እጀታ ከእንጨት ይጠርባል። ብረት ጠፍሮ የሚይዝበት ሞርሳ ፊት ሲቆም ብቻ ነው እግሩ አደብ የሚገዛው።

የቁርሱ ወሬ ያው ሽጉጥና ሕግ ነው። አንድ ሐሙስ ዴል የሚባለው የከባድ መኪና ሹፌር አዲስ የገጣጠመውን መሣሪያ ፎቶ በስልኩ አሳያቸው። አፈሙዙ ክንድ ያህላል፤ ከኋላው ክንድ ላይ የሚታሰር መደገፊያ አለው።

«ይሄ ሽጉጥ ነው?» አለ ኦሪን፣ የአርቪድ የልጅነት ጓደኛ። «እኔ እኮ መድፍ መስሎኝ!»

«በሕግ ሽጉጥ ነው። ክንዴ ላይ ካሰርኩት ሽጉጥ፤ ትከሻዬ ላይ ካስደገፍኩት ጠመንጃ።»

«ስትተኩስ አስነጥሶህ ትከሻህን ቢነካውስ?»

«ያኔማ ይማርህ የሚለኝ ዳኛው ነው።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። አርቪድ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ገባበት። «ሕጉማ ግልጽ ነው። ቁጥር የተመታበት አካሉ ብቻ ነው ሽጉጥ የሚባለው፤ ሌላው ተራ ብረት ነው። ሁሉንም ብትቀይረው አካሉ እስካለ ድረስ ያው ሽጉጥ ነው።»

«እንደ ሚስቴ በላ!» አለ ዴል። «ጉልበቷን አስቀየረች፣ ዳሌዋን አስቀየረች፣ ጥርሷን አስቀየረች። ቤት ስገባ ግን ያው ጩኸት ነው!»

ኦሪን ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። አርቪድ በዚያ ሰሞን ጋራዡ ውስጥ የሚያድሰው ሽጉጥ የኦሪን ልጅ የኬንት ነበር። ኬንት በረዶ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ሽጉጡ ምድር ቤት ሲዝግ ከርሞ፣ ኦሪን በመጨረሻ በፎጣ ጠቅልሎ ለአርቪድ አምጥቶ ሰጠው። «ዝገት የበላውን ሁሉ ቀይረው፤ አካሉን ብቻ እንዳትነካብኝ» ነበር ያለው። አካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር ኬንት በልጅነቱ በእህቱ የጥፍር ቀለም ቀይ ቀብቶት ነበር። ከልጁ እጅ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አንድ የማይሰለቻቸው ቀልድ አለ። ስንት መሣሪያ አለህ የሚል ሰው ከመጣ፣ ጠያቂው የመንግሥት ሰው ይሁን የሚስት ወንድም፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ነበረኝ፤ ጀልባዋ ተገለበጠችና ሁሉንም ውሃ በላቸው።» ይህን ደግሞ እንደ አርቪድ የሚያሳምረው የለም። እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ያንቀጠቅጣል፣ የማዕበሉን ከፍታ ሳይቀር ይነግርሃል። ሐይቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሳህን ሾርባ የረጋ ነው።

ሽጉጡ አርብ ዕለት አለቀ። ኦሪን የሚመጣው ቅዳሜ ነው፤ አንድ ቀን መታገሥ ነበረበት። የት ተገኝቶ! የሚተኮስበት የአሸዋ ጉድጓድ ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ልሞክረው ብሎ ጀልባዋን አስነሣ። መሃል ላይ ሲደርስ እንደገና ሊያየው ከሳጥኑ አወጣው። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀዩን ቁጥር በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ሞተሩ አሳለ። አርቪድም እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ጀልባዋ ተናወጠች፤ ሽጉጡ ጠርዙን አንዴ መታና ጠለቀ።

እስኪመሽ በገመድ ያሰረውን ማግኔት ሲጎትት ዋለ። ያወጣው ጭቃና የዛገ የዓሣ መንጠቆ ብቻ ነው። የሸሪፉ ፖሊስ ቢሮ ደውሎ የሽጉጡን መጥፋት ሲያስመዘግብ ስልኩን ያነሣችው ሴት «አባቴም እንዲሁ ነው የሚሉት» ብላ ሳቀች። በኋላ እንደ ደንቡ መዘገበችው።

ቅዳሜ ኦሪንና ዴል አብረው ከተፍ አሉ። አርቪድ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ ነው ያደረው፤ ከበሩ ተቀበላቸው።

«ኦሪን፣ ሽጉጡ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ከጀልባ ላይ ወደቀ።»

ዴል ሆዱን ይዞ መሬት ቁጭ አለ። ኦሪንም ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ።

«ማዕበሉስ? ማዕበሉን ረሳኸው እኮ!»

«የእውነቴን ነው፣ ኦሪን።»

«እጅህን ደረትህ ላይ አድርግና ድገመው!» አለ ዴል።

አርቪድ ከሞርሳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሞርሳው ተመላለሰ፤ እሱ በተንቆራጠጠ ቁጥር እነሱ ባሰባቸው። «አልጨረስክም ማለት ነው፤ ግድ የለም፣ ለሐሙስ አድርሰው» ብሎት ኦሪን ሄደ። አርቪድ ያን ቀልድ ባፈለቀው ሰው ላይ የእርግማን መዓት አወረደ። ከሁሉ የሚበልጠውን ለራሱ አስቀረው።

እሑድ ሲነጋ ኦሪን ቤት ሄዶ አንኳኳ። ኦሪን ሲያየው ገና ፈገግ አለ። «ዛሬስ ምን በላው፣ ዓሣ ነባሪ?»

አርቪድ ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እግሩ አልተወዛወዘም፣ ጣቱ ጠረጴዛ አልመታም። ኦሪን ቡና አቀረበለት፤ አልነካውም። ኦሪን ይህን ሰው በሠርጉ ቀን እንኳ ተቀምጦ አላየውም። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«የት ጋ?» አለ በመጨረሻ።

«መሃሉ ላይ። ጥልቁ ጋ። ብድግ ስል ነው፣ ኦሪን። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ...» እንባው መጣ፤ አልደበቀውም።

ኦሪን መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠው። ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል። «ለነዴል አትንገራቸው። ሊያዝኑልኝ ነው፤ እሱን አልችለውም። እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።»

ሐሙስ አርቪድ ቁርስ ቤት ገብቶ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። ዴል ገና እንቁላሉ ሳይቀርብለት «እሺ ኦሪን፣ ሽጉጥህን ተረከብክ?» አለ።

ኦሪን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ወንድሜ። ውሃ በላው።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። «ከአርቪድ በለጥክ እኮ!» አለ ዴል። «ከንፈሩን አያችሁልኝ?» አርቪድ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ሳህኑ ላይ እንደተከለ ቀረ። ቡናው አልቋል፤ ብርጭቆዎቹ ባዶ ናቸው፤ ጆሊን ከባንኮኒው ጀርባ ግራ ገብቷት ታየዋለች።

ኦሪን ባዶ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት።

«አንተ ሰው፣» አለው፣ «ተነሥና ቡና አምጣልን እንጂ።»