ከነጫማ

የእህቴ ልጅ ሰሚራ ከባሏ ጋር ከአውስትራሊያ ለእረፍት መጥታ፣ ሸዋ ሮቢት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተከለች። እዚያ አገር በርካሽ የሚዝናኑት እንዲህ ነው አሉ። መኪና የሚጎትተው ቤት ተከራይተው ይዞራሉ፤ እሱ ሲወደድባቸው ውቅያኖስ ዳር ድንኳን ይተክላሉ። ዚፑን ስትከፍተው ፀሐይ ያጋለው የሸራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ልጅ ሳለሁ የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ቤታችንን ወሰደው። ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ከረምን። የጋለ ሸራ፣ የበሰበሰ ሽንኩርት፣ የረጠበ ፍየልና የሰው ላብ ሽታ ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ዝንቡ ጉርሻችንን ከአፋችን ይሻማን ነበር።

ከሁሉ የሚቀፈኝ ግን የገዛ እግሬ ነበር። ቤታችን እያለ ጫማችንን ደጃፍ ላይ ሳናወልቅ ገብተን አናውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ግን እናቴ ከነጫማችን ታስተኛን ጀመር። የላስቲክ ጫማዬ ውስጥ የገባው ጭቃ በጣቶቼ መሃል ሞቆ ያሟልጫል።

“እማ፣ ላውልቀው፤ ገማኝ” አልኳት።

“ይግማ። ጫማ የሚወለቀው ቤት ሲገባ ነው” አለችኝ ፊቷን ሳታዞር።

በየሶላቱ እግሯን የምትታጠብ ሴት ምን ነካት ብዬ ገረመኝ። ድንኳኑንም አንድ ቀን ጠርጋው አታውቅም።

“አክስቴ፣ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ እንጂ” አለችኝ ሰሚራ። የራሷንና የባሏን ጫማ ድንኳኑ በር ላይ አሰልፋዋለች። ውስጥ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል።

ከነጫማዬ ገባሁ።