ከበርበሬው ማዶ

ጭቃ የማይወድ ሰው አንደኛ ክፍል ባያስተምር ይሻለዋል። እኔ ቡታጅራ መጥቼ ይህ ክፍል ከተሰጠኝ ጀምሮ ጥፍሬ ሥር ጭቃ ያልገባበትን ቀን አላስታውስም። ልጆቼ ፊደልን በጭቃ ይሠራሉ፣ ቃጫ ገመድ እያጣመሙ ካርቶን ላይ ይለጥፋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳበሱ "ይቺ ለ ናት!" እያሉ ይጮኻሉ። ዳይሬክተራችን በክፍሌ በር ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና፣ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ብሎ ይስቅብኛል። "ለራት ነው ማን አለህ? ለንባብ ነው!" እለዋለሁ። ወሎዬ ነኝ፤ ነገር ሲወረወርብኝ መሬት ሳይነካ ነው የምመልሰው።

ክፍሌ ውስጥ ከሌሎቹ በዕድሜም በቁመትም የምትበልጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ዘግይታ ነው ትምህርት የገባችው። እናቷ የማረቆ በርበሬ ከገበሬ እየገዛች፣ ቤቷ ቀንጥሳና አድርቃ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ልጅቷም በርበሬው ልብሷ ላይ አድሮ ነው የምትመጣው፤ አጠገቧ የሚቀመጡት ልጆች እየተቀባበሉ ያስነጥሳሉ። ዝምተኛ ናት፤ ፈዛዛ ግን አይደለችም። ክፍል ውስጥ ዝንብ ብትገባ መጀመሪያ የምታያት እሷ ናት።

ሰሌዳ ላይ ግን ወይ ፍንክች! "ሀ" ጽፌ "ይቺ ማን ናት?" ስላት ረጋ ብላ አይታ "በ" ትለኛለች። "በ" ስጽፍላት ደግሞ "ሀ"። የማታውቅ ልጅ ትገምታለች፣ ወይ አንገቷን ትደፋለች። ይቺ ግን ስትሳሳት እንኳን እርግጠኛ ናት። እኔ ደግሞ እርግጠኛ የሆነ ስሕተት ሳይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

ችግሩ ጊዜ አልነበረንም። ትምህርት ቤታችን፣ አንዲት ገጽ አንብቦ መጨረስ ያቃተው የአንደኛ ክፍል ልጅ ከመንፈቁ በኋላ ወደ ዜሮ ክፍል ይመለስ ብሎ ወሰነ። እናትየዋን አስጠራኋት። "አሰላሙ አለይኩም" ብላ ገብታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የምለውን ሁሉ ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለች፦

"ቲቸር፣ ይቺን የምታክል ልጅ ገና ጡት ካልጣሉት ጋር አታስቀምጪብኝም። ሰፈር ይስቅባታል። እዚያ ከምታፍር እኔ ጋ ቁጭ ብላ ዛላዋን ትቀንጥስ። ወላሂ አልልካትም!"

"እህቴ፣ እስቲ ትንሽ..."

"አልልካትም አልኩሽ።"

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም። የዩኒፎርሟን ቁልፍ እየፈታች ትቆልፋለች፣ እየፈታች ትቆልፋለች።  ንዴቴ መጣ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

በማግሥቱ ጭቃ አደልኳቸውና፣ "የምትወዷትን ፊደል ሠርታችሁ አሳዩኝ" አልኩ። በፊት ለፊታቸው እየተዘዋወርኩ አያለሁ። እሷ ዴስክ ጋ ስደርስ አንዲት "ለ" ተጋድማለች፤ እግሮቿ እኩል፣ አናቷ ሹል፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ለ መሰለቻችሁ! "እሰይ የኔ ልጅ!" ብዬ አጨበጨብኩ። ራሷን ልዳብሳት በጀርባዋ በኩል ዞርኩ፤ እንዴ! ከልጅቷ በኩል ሲታይ ፊደሏ በአናቷ ተተክላለች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? "አይ ጨዋ ልጅ!" አልኩ። ሰው ለሰው ቢላ ሲያቀብል እጀታውን ወደ ተቀባዩ እንደሚያዞረው፣ እኔ እንዲታየኝ ብላ ፊደሏን ወደኔ አዙራ መሥራቷ መሰለኝ። ለራሴ ስቄ አለፍኩ። ግን እግሬ አለፈ እንጂ ሐሳቤ እዚያው ቀረ።

ሌላ ጨዋታ አለን። ባዶ ማዳበሪያ ተርትሬ፣ ዘርግቼ፣ ፊደላቱን በቀለም ጽፌበታለሁ። ልጆቹ ማዳበሪያውን ከበው ይቆማሉ። እኔ ፊደል እጠራለሁ፤ ተራው የደረሰው እኔ ያለሁበት ጋ መጥቶ በቆርኪ ይመታታል። እሷ ተራዋ ሲደርስ አትመጣም። ከማዶ ሆና መወርወር ትፈልጋለች። ሁልጊዜ "ነይ እንጂ! ተራ ይከበር!" እያልኩ እጠራታለሁ፤ አጠገቤ ትቆማለች፤ ትስታለች። ያን ቀን ግን ተውኳት። እዚያው ማዶ እንዳለች "ጠ" ብዬ ጠራሁላት። ጧ! ቆርኪው "ጠ" ላይ ተቀመጠ። "መ" አልኩ። ጧ! "ረ"። ጧ! ልጆቹ ማስነጠሱን ረስተው ያጨበጭባሉ። "እስቲ አሁን እኔ ጋ ነይ" አልኳት። መጣች። "ጠ" አልኩ። ዓይኗ ማዳበሪያው ላይ ተንከራተተ፣ ተንከራተተና ቆርኪውን እጇ ውስጥ ጨበጠችው።

ኧረ ይሄ ነገር እንዲሁ አይታለፍም!

ቅዳሜ ባጃጅ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉን ሳልረግጥ ማስነጠስ ጀመርኩ። እናትየዋ፣ "ቡታጅራ ስንት ዓመትሽ ነው? እስካሁን አልለመድሽውም?" ብላ ሳቀችብኝ። የክፍሉ ወለል ላይ ሸራ ተዘርግቷል፤ ሸራው ላይ ዛላ በርበሬ ተቆልሏል። ከክምሩ ወዲያ ማዶ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው የዛላውን ግንጭ እየቀነጠሱ ይጥላሉ። ከክምሩ ወዲህ፣ በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ላይ፣ አራተኛ ክፍል የምትማረው ታላቅ እህት ሳፋ ደፍታ መጽሐፏን እሱ ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ ታነባለች።

"ለምን እህቷ አጠገብ አትቀመጥም?" ብዬ ታናሺቱን በአገጬ አሳየኋት።

"በበርበሬ እጅ?" አለች እናትየዋ፣ ነውር የተናገርኩ ይመስል። "የበርበሬ እጅ መጽሐፍ አይነካም። ገጹን የነካ ዓይኑን ይነካል። ትልቋ አንዴ ዓይኗን አሽታ ሙሉ ቀን ስታለቅስ ዋለች። ከዚያ ወዲህ የቀነጠሰ ማዶ፣ ያነበበ ወዲህ ብያለሁ። የቤቴ ሕግ ነው።"

የቤቷ ሕግ! ሸራውን አየሁ፣ መጽሐፉን አየሁ፣ ልጅቷን አየሁ። ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ጀምሮ፣ እጇ በርበሬ እየቀነጠሰ፣ ዓይኗ ከክምሩ ማዶ የእህቷን ጣት ሲከተል ኖሯል። እህቷ "ለ" ስትል ለን አይታለች፣ ግን በተገላቢጦሽ። ፊደል ማለት ለእሷ ከማዶ ያለ ነገር ነው። የኔ ሰሌዳ ነው የተዘቀዘቀባት!

መጽሐፉን ሳላነሳ፣ እዚያው ሳፋው ላይ እንዳለ፣ "እስቲ ይቺን መስመር አንብቢልኝ" አልኳት ታናሺቱን። እናቷን አየቻት።  ከዚያ ከበርበሬው ማዶ ሆና፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳች አነበበችልኝ፤ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ! ታላቂቱ አፏን ከፈተች። እኔ መጽሐፉን አንስቼ ወደ ልጅቷ አዞርኩት። ዝም። መለስኩት። አነበበች። እኔም እንደ ሕፃን ደጋግሜ አዞርኩት፤ ደስ ሲል!

እናትየዋ ሥራዋን አላቋረጠችም። "ታዲያ ይሄ ማንበብ ነው ወይስ አይደለም?" አለችኝ።

 ኮሌጅ ስማር ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልነገረኝም።

ከሰኞ ጀምሮ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ልጅቷን ከማዳበሪያው ማዶ አቆምኳት፤ እንደልቧ ታንብብ። ከዚያ በየቀኑ እያጫወትኩ አንድ ልጅ አሳልፌ በዙሪያው ወደኔ በኩል አስጠጋታለሁ። ትንሽ ስትጠጋ ትደናገራለች፣ ከዚያ ይገለጥላታል፣ ከዚያ ደግሞ ትጠጋለች። ሌሎቹ ምን ተደረገ ብለው ጉድ አሉ። "ቲቸር፣ እኔም ከማዶ!" የማይል ጠፋ። አንዱ በጭንቅላቱ ቆሞ ሰሌዳውን ለማንበብ ሞክሮ ዴስክ ይዞ ወደቀ። ዳይሬክተሩ ጫጫታውን ሰምቶ መጣና፣ "ዛሬ ደግሞ ምን እያቦካችሁ ነው?" አለኝ። "ቆይ፣ ስትቀምሰው ታውቀዋለህ" አልኩት።

ግን አልደረስንም። ዳይሬክተሩ ልጆቹን አንድ በአንድ የሚያስነብብበት የፈተና ቀን ሲመጣ ልጅቷ ከማዶ እኔ ጋ የሚያመጣውን መንገድ ግማሽ ብቻ ነበር የዞረችው። ከጎን ሆና፣ አንገቷን ጠመም አድርጋ ታነባለች፤ ፊት ለፊት ግን ገና ነበር። ዳይሬክተሩን ቀድሜ ልነግረው አስቤ ተውኩት። "ይቺ ልጅ ገልብጣ ነው የምታነበው" ብዬ ብነግረው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳያያት ይወስንባታል ብዬ ፈራሁ።

እናትየዋ መጥታ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ልጄን ይዤ ልሄድ ነው የመጣሁት የሚል ፊት ነው ያላት። ልጅቷ ገባች። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ነውና መጽሐፉን ገልጦ፣ በአክብሮት ወደ ልጅቷ አዙሮ፣ "በይ የኔ እመቤት፣ አንብቢ" አላት።

ልጅቷ መጽሐፉን አየችና ወደ ጠረጴዛው ጎን ሄደች። አልታያትም ይሆናል ብሎ መጽሐፉን ወደ ቆመችበት አዞረላት። እሷ ደግሞ አልፋ ወደ እሱ ወንበር ተጠጋች። እሱም አዞረላት። እሷም ዞረች። "ምን ሆና ነው የምትዞረኝ?" አለ፣ ወንበሩ ላይ እየተጠማዘዘ። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

"ዳይሬክተር፣ በፈጠረህ! መጽሐፉን ተወው!"

ተወው። ልጅቷ ጎኑን ፈልጋ ቆመች፣ አንገቷን ጠመም አደረገችና ጀመረች። ፍየሏን ለመሸጥ ወጥቶ፣ ፍየሏ አሳዝናው ስለተመለሰ ሰውዬ የሚያወራ ገጽ ነው። እየተንተባተበች ገባችበት፤ መሐል ላይ ድምፅዋ ተስተካከለ፤ መጨረሻው ላይ ፍየሏ ስትመለስ ራሷም ፈገግ አለች።

"ሸምድዳው ይሆናል" አለ ዳይሬክተሩ። ገና ያልደረስንበትን ገጽ ገለጠ።  ልጅቷ አንድ ቃል ላይ ቆመች፣ ተመለሰች፣ ደገመችው፣ አለፈችው። አንዱን ሳትችለው ዘለለችው። ቀሪውን ግን አነበበችው፤ ተረድታው አነበበችው።

ይሄኔ ስለ ሸራው፣ ስለ በርበሬውና ስለ እናትየዋ ሕግ ነገርኩት። ዳይሬክተሩ እንደ ልጅቷ አንገቱን ጠመም አድርጎ ገጹን አየ። 

"እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ" አለ በመጨረሻ። "መልሱ ልክ ከሆነ መንገዱን ጠይቄ አደንቃለሁ እንጂ አልሰርዝም። እዚሁ ትቀጥል። ቀሪውን ዙር ግን አንቺ አዙሪያት፤ አደራ።"

"ወደ ታች አትወርድም?" አለች እናትየዋ ከበሩ።

"አትወርድም።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች፤ አውልቂ ያላት የለም። ልጇን ትስማለች ብዬ ስጠብቅ አልፋት ሄደች። ጠረጴዛውን ዞራ ከመጽሐፉ ማዶ ቆመች፣ ፊደላቱ ተዘቅዝቀው በሚታዩበት በኩል። ጎንበስ አለች። ጣቷ ገጹ ላይ ትንሽ ተንከራተተና አንድ ቃል ላይ አረፈ።

"ገ..." አለች። "በ... ያ።" ቀና አለች። "ገበያ።"

ገበያ ነበር።

ልጅቷ እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት። "እማ! አንቺም ታነቢያለሽ እንዴ?"

"ማን ጠይቆኝ ያውቃል?" አለች እናቷ፣ ጣቷን ሳታነሳ ወደሚቀጥለው ቃል እያስጠጋች።

ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ነውና መጽሐፉን ወደ እሷ ሊያዞርላት እጁን ሰደደ። እጁን ያዝኩት።