የብስክሌቷን መሪ ያለበሰችው ፌኔት

ፌኔት ኢተፋ ሱሉልታ ውስጥ በጋሽ ሐምዱ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ትለማመዳለች። ብስክሌቱ የልጄ የኪሩቤል ነበር። እሱ ካረፈ ከሰባት ወር በኋላ፣ ቆሞ ከሚዝግ ብዬ ሰጠኋት።

በ2016ቱ የብስክሌት ክለብ መምረጫ ውድድር አራተኛ ወጣች። እግሯ አልከዳትም፤ በታኅሣሥ ውርጭ ጣቶቿ ደንዝዘው ማርሽ መቀየር አቃታት። ክለቡ በዓመት የሚወስደው አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይም አይቀበልም። ፌኔት ሃያ አምስት ሞልቷታል። የ2017ቱ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

የብስክሌት ጓንት ለመግዛት አቅሟ አልፈቀደም። መጀመሪያ የእናቷን የወይዘሮ በቀለችን ምክር ሰምታ እጇን ቅቤ ተቀባችና የሱፍ ጓንት አጠለቀች። ኅዳር 22 ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ እጇ ጓንቱ ውስጥ ተሟለጨ፤ ቦይ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ እያነከሰች ሥራ ገብታ የሆነውን ተናገረች። ጋሽ ሐምዱ ለደንበኛ የፔርሙዝ ልብስ እየሰፉ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ሻይ እንዳይቀዘቅዝ ፔርሙዙን ቅቤ እንቀባዋለን እንዴ?»

ፌኔት አልሳቀችም። ፔርሙዙን ትክ ብላ አየችው። መልበስ ያለበት እጇ ሳይሆን የብስክሌቱ መሪ ነው። ከብርድ ልብስ ቁራጭ ሁለት ሰፋፊ ኪሶች ሰፋች፤ ነፋስ እንዳያስገቡ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነቻቸው፤ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ከመሪው ጋር ጠፈረቻቸው። ባዶ እጇ በኪሱ አፍ ገብቶ ፍሬኑንም ማርሹንም እንደ ልብ ያገኛል።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። የመምረጫው ውድድር ከሱሉልታ ጫንጮ ደርሶ መልስ ነው። ከሁሉም የተፈራችው ኤቢሴ መሪውን አይታ ሳቀች።

«ዩሪያ ጭነሽ ነው እንዴ? ፍጠኚ፣ ጫንጮ ገበሬው እየጠበቀሽ ነው!»

«አንቺን ቀድሜ ነው የማራግፈው» አለቻት ፌኔት።

ጫንጮ ሲዞሩ ኤቢሴ ትመራ ነበር። በመልሱ ቁልቁለት ላይ ግን ጣቶቿ ፍሬኑን አልጨብጥ ስላሏት ፈራች፤ ቀስ አለች። ፌኔት ሳታመነታ በግራ በኩል አለፈቻት። መድረሻው ላይ ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በአርባ አንድ ሴኮንድ ቀደመቻት። የክለቡ አሠልጣኝ መዝገቡ ላይ የጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ፌኔት ኢተፋ።

ኤቢሴ ስትደርስ የሄልሜቷን ማሰሪያ መፍታት አቃታት። ፌኔት ፈታችላት።

«ወይኔ፣ እጅሽ ትኩስ ነው እኮ! ለእኔም ትሰፊልኛለሽ?»

«ተራ ያዢ፤ አሠልጣኙ ቀድሞሻል።»