ቀምሶ የሰጠን መርፌ

ያቺን ወረቀት ስትቀጃት የወጣው ድምፅ ነው የወሰደኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ልጄ ምኝታዋ ላይ እንደምትሸና ሰምተሽ፣ በምትሠሪበት ክሊኒክ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የሚሆን መርፌ እንዳለ ልትነግሪኝ ከጎንደር ድረስ ወረድሽ። «አክስቴ፣ እዪው እስቲ፣ ከፀጉር አይወፍርም» ብለሽ የታሸገበትን ወረቀት ቀድደሽ መዳፌ ላይ አኖርሽልኝ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ደጅ ፍራሿ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ሽታው ከሙቀቱ ጋር ተነሥቶ መታኝ። አጥሩን ይዤ ስቆም ምን ሆንሽ ብትዪኝ አልመለስኩልሽም። በአፌ ጀምሬ ከዳር አላደርሰውም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል እጽፍልሻለሁ፤ ብትጣመም ታገሺኝ።

ሌላ አክስት ነበረችሽ። አባትሽ አልነገረሽም፤ እሱ ያኔ ገና እናታችን ጀርባ ላይ ነበር፣ አያስታውሳትም።

ከመተማ ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ ካምፕ ነበር የምንኖረው። አባታችን ትራክተር ነጂ ነበር፤ ያን ዓመት ሚሊሺያ ተብሎ ዘምቶ፣ እናታችን ለካምፑ ሠራተኞች ወጥ እየሠራች ታሳድገን ነበር። ግንቦት ላይ ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጥ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀቱ ጧ ጧ ማለት ይጀምራል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኑ ጋላባት በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራና የናፍጣ ሽታ ይዞ ይገባል። እኔና እህቴ አንድ አንገረብ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ያ በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ። ገመዱ ሽንት ስለሚያሳልፍ ጠዋት ከሥሩ መሬቱ ላይ ጥቁር ክብ እናገኝ ነበር። እሷ ቀድማ ከነቃች አመድ ትበትንበታለች። እኔ ከነቃሁ ደግሞ አላየሁም ብዬ ዓይኔን እጨፍንላት ነበር።

በሦስት ዓመት ታንሰኛለች፤ ዘጠኝ ሞልቷት ነበር። ጎንደር ያለች የአባታችን እህት አንዷን ላኩልኝና ላስተምርላችሁ ብላ ልካ፣ የተመረጠችው እሷ ነበረች። ጭንቅላቷ ፈጣን ነበር። እኔ ደግሞ ለእናቴ እጅ ነበርኩ። መስከረም ሲጠባ ትሄዳለች ተባለ። እናቴን ያስጨነቃት ያ የሌሊት ሽንቷ ብቻ ነበር። «ሰው ቤት ሄዳ ምኝታ ልታረጥብ? በሳምንቷ ጠቅልለው ይመልሷታል» ትል ነበር።

ካምፑ ክሊኒክ ውስጥ ከወዳጅ አገር የመጣ ሐኪም ነበር። አገሩን እኛ ለይተን አናውቅም፤ ሰው ሁሉ ቻይናው ይለዋል፣ እሱም ስቆ አቤት ይላል። ወገባቸው የተያዘ ትራክተር ነጂዎችን፣ አንገታቸው የተቆለፈ ጆንያ ተሸካሚዎችን፣ ምንም መድኃኒት በሌለው ቀጭን መርፌ ይወጋ ነበር። ሰዉን ያስፈራው ይኸው ነው። መርፌ ውስጡ መድኃኒት ካለ መርፌ ነው፤ ባዶውን ምን ሊያደርግ ይገባል?

መጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ የካምፑ ጥበቃ እግራቸውን ሰብስበው «አስቀድመህ ቅመስልን» አሉት። በእኛ ወግ ጠላ የምትቀዳ ሴት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ካልቀመሰች እንግዳ አይጠጣላትም፤ እሳቸው መርፌውንም እንደዚያው አዩት። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበው የእኛው ሰው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲተረጉምለት ሐኪሙ ሳቀና አንዷን መርፌ አንሥቶ በገዛ እጁ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ሰካት። ከዚያ ነቅሎ ወደ ሰማያዊው ትሪ ጣላትና ከነጩ ትሪ ሌላ አነሣ። የተቀቀሉት ነጩ ላይ፣ ሥጋ የነኩት ሰማያዊው ላይ። ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው «ጮሌ ነው ይኼ ሰውዬ፤ የቀመሰው ሌላ፣ የቀዳልኝ ሌላ» ቢሉ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ግን በሰው ልብ ውስጥ ቀረ።

እህቴን አራት ጊዜ ይዣት ሄጃለሁ። ለልጅ ሲሆን ሁለት መርፌ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ቆዳዋን ነካ ያደርግና በአገሩ ቋንቋ እየቆጠረ፣ አሥር ሳይደርስ ይነቅላል። እሷ ቁጥሩን ያዘችው። ቤት ስንመጣ ጠጠር እየጣለች በዚያ ቋንቋ ስትቆጥር እኔ ትክክል ይሁን ስህተት ሳላውቅ አጨበጭብላት ነበር። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀን ለእናቴ ያስተረጎመላት፣ ይህ በሽታ አይደለም፣ ባትወጋም ታድግበታለች፣ ታገሺ የሚል ነበር። እናቴ ተከፍታ ወጣች። መስከረም ይታገሣል እንዴ?

ሚያዝያ ላይ የሐኪሙ ጊዜ አልቆ ወደ አገሩ ሄደ። ድሬሰሩ ቀረ።

ድሬሰሩን ልንገርሽ። ሚስቱ የእህቴ የክርስትና እናት ናት፤ ስለዚህ ከእናቴ ጋር አበልጅ ናቸው። አውዳመት ሲሆን ያለ እሱ ዶሮ አይወጣም። ያኔ አንቱ ነበር የምንለው፤ አሁን እጄ አንቱ ብሎ አይጽፍልኝም። ቀልደኛ ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ታሞ ጎንደር ሐኪም ቤት አንድ ወር ተኝቶ መጥቷል፤ ዓይኑ ቢጫ ብሎ ሳለ ሰው ሲጠይቀው «የወባው ኪኒን ነው» ይል ነበር። ቤቱ ስንጫወት የማልረሳው አንድ ነገር አለ። የጢም ምላጩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከበሩ በላይ፣ ማንም የማይደርስበት ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። አንድ ቀን ሴት ልጁ ጥፍሯን ልትቆርጥበት ዱካ ላይ ወጥታ ስትንጠራራ ደረሰባትና በቀበቶ ገረፋት። እኔና እህቴ መንገዱን ሙሉ ስንሥቅ መጣን። ለምላጭ እንዲህ ይሰሰታል?

ግንቦት መጨረሻ፣ ከምሳ በፊት፣ ቤታችን መጣ። እናቴ ናት ያስጠራችው። ሐኪሙ ትቶለት የሄደውን መርፌ በሳሙና ማስቀመጫ ይዞ አንገረቡ ላይ ተቀመጠ። ከርከዴ ቀዳንለት፤ ቀዩን መጠጥ አንዴ ጨልጦ ብርጭቆውን ለእኔ ሰጠኝ። እህቴ እግሯን አጥባ፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ተቀመጠች።

«አስቀድመው ይቅመሱልን አበልጄ» አለች እናቴ፣ እየሳቀች።

እሱም ሳቀና መርፌዋን በእጁ ላይ ሰካት። ነቀላትና ወደ ጎን ሊያኖራት ሲል እናቴ እጁን ያዘች።

«እሷኑ ነዋ፤ የቀመሷትን። ያ ቻይና እየቀያየረ ሲሸነግለን ከረመ። እርስዎ እንኳ የራሳችን ሰው ነዎት።»

እጁ አየር ላይ ቆመ። ይህን አልረሳውም፤ እጁ ቆሟል። አሥር ያህል መቁጠር ይቻል ነበር። ቆርቆሮው ጧ አለ። እኔ ባዶውን ብርጭቆ እንደያዝኩ «ሐኪሙ ሰማያዊው ትሪ ላይ ነበር የሚጥላት» አልኩ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ። ልጅ የሆነ ነገር ታውቃለች ብሎ የሚፈራ ትልቅ ሰው ምን እንደሚመስል ያኔ አላወቅሁም፤ አሁን ነው የማውቀው።

«ይቺ ልጅ ሐኪም ሆናብናለች» አለ። እናቴ ሳቀች። መርፌዋን በጥጥ ሁለት ጊዜ ጠረግ አድርጎ ወደ እህቴ እግር አጎነበሰ።

«እቴቴ፣ ያማል?» አለችኝ እህቴ።

«አያምም። ቀምሷታል» አልኳት።

እሷ በሐኪሙ ቋንቋ መቁጠር ጀመረች። ድሬሰሩ አልቆጠረም። ሐኪሙ ነካ የሚያደርገውን እሱ ገፋ አደረገው፤ ደም ወጣ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቀመሰልን።

በዚያ ክረምት አንዳንዱ ቀን እርጥብ፣ አንዳንዱ ቀን ደረቅ እያለ ከረመ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አራት ቀን በተከታታይ ደረቀ። እናቴ ጠዋት ጠዋት እጇን ከሥሯ ሰዳ ትዳብስና «ደረቅ ነው» ትል ነበር፣ ለጎረቤት እንዲሰማ አድርጋ። በአምስተኛው ቀን እልል አለች። ቦርሳ የሚሆን ጨርቅ ሸሕዲ ገበያ ለሚሄድ ሰው አዘዘችላት። ለምን እንደደረቀ ያየ አልነበረም። ልጅቷ ውሃ አትጠጣም ነበር። እህል ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች፣ ሰውነቷን ታካለች፣ ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋለች። ጣሳ ላይ ስትሸና አየሁት፤ እንደ ከርከዴ ነው። ለእናቴ ስነግራት «ከርከዴ ጠጥታ ነዋ» አለችኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ ዓይኗ ቢጫ ሆነ።

ድሬሰሩን ልጠራ ሮጥኩ። መጣ። ግን አልገባም። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ መቃኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ ከሩቅ ዓይኗን አየና «የወፍ በሽታ ነው። ለዚህ የኛ መድኃኒት አይሆንም፣ የአገር ቤቱን ሞክሩ» አለ። እህቴ ከአንገረቡ ላይ እጇን አነሣችለት። እጇን ሳይነካ ሄደ። በማግስቱ ወደ ጋላባት ተሻገረ አሉን፤ ዘመድ ሊጠይቅ።

ቅጠሉን ያላጠጣናት፣ ጠበሉን ያላስመጣንላት የለም። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ መኪና አልነበረም። በሬሳ ሳጥን ሳይሆን በዚያው አንገረብ ነው የሸኘናት፣ መስከረም በገባ በሳምንቱ፣ ትሄድበት በነበረው ሳምንት። ከሁለት ቀን በፊት አእምሮዋ ሲሄድ ሲመለስ፣ እጄን ይዛ «ቀምሷት ነበር አይደል እቴቴ?» አለችኝ። «ቀምሷት ነበር» አልኳት። እውነት ነበር።

ለቅሶው ላይ ሚስቱ መጣች እንጂ እሱ አልመጣም። ከወር በኋላ ሲመለስ ከእናቴ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። እናቴ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ትለው ነበር፤ እሱም «ነው» ይላት ነበር። ከዚያ በኋላም ለአውዳመት ዶሮ ስናወጣለት ኖረናል።

እኔ አግብቼ ሸሕዲ ስወርድ ስወጣ ብዙ ዓመት አለፈ። ድሬሰሩ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ አሉኝና ለእህቴ የክርስትና እናት ልደርስላት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እንዲያው እንደ ምስጋና አድርጋ ነገረችኝ። ሰውዬው ጠንቃቃ ነበር፣ ጎንደር ተኝቶ ሲወጣ ጉበትህን የያዘህ በደም የሚጋባ ነው፣ ምላጭም መርፌም ከሰው ጋር እንዳትጋራ ብለውት ነበር አለችኝ። «እስኪሞት ድረስ ልጆቼን አንድ ቀን ምላጩን አላስነካቸውም» አለች። ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። ምስማሩ እዚያው ነበር።

አጽናንቻት ተነሣሁ። እሷ አታውቅም ነበር፤ የሰጠችኝ ምን እንደሆነ አታውቅም። ለእናቴ ደግሞ ነግሬያት ቢሆን እጁን የያዘችው እሷ ናትና ያቺ እጅ ይዛት ትቃጠላለች፤ ሳልነግራት ቀበርኳት። በመቃብሯ ላይ እንኳ የፈጣሪ ቁጣ ነበር ብዬ ዋሸኋት።

ያቺን የቆመች እጅ ግን ዛሬም አያታለሁ። እምቢ ማለት ይችል ነበር። እምቢ ቢል ለምን ይባላል፣ ለምን ከተባለ የጎንደሩ ነገር ይወጣል፣ ከዚያ ማን ቤቱ ይጠራዋል? አሥር እስኪቆጠር ድረስ አሰበውና እኛን መረጠ። ለልጆቹ ምስማር አለ፤ ለእኛ ጥጥ ሁለት ጊዜ። እናቴ ያመነችው የቀመሰውን ነበር፤ የገደለንም የቀመሰው ነው። እኔም ያየሁትን አይቼ አያምም ብያታለሁ። ጎንደር በመመረጧ ቀንቼባት ነበር፤ በዚያ ግን አይደለም ዝም ያልኩት። ለራሴ እንዲህ እለዋለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። መርፌሽ አልበደለኝም። ያ የሩቅ አገር ሰው እንዲህ ባለው መርፌ አራት ጊዜ ነክቷት ምንም አላደረጋትም። ከመጣን ወረቀቱ በዓይኔ ፊት ይቀደዳል፤ ሥጋ ነክቶ የወጣው ወዴት እንደሚጣልም ታሳዪኛለሽ። ቅመሺልኝ አልልሽም። ልጄ ያማል ወይ ብትለኝ አላውቅም ነው የምላት። ግን እንመጣለን ብዬ ቃል አልሰጥሽም። በእርጅናዬ ያገኘኋት ናት፣ ያ ሐኪምም ታድግበታለች ብሎ ነበር፣ እኔም የምትሄድበት መስከረም የለብኝም።

ዛሬ ጠዋት አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ሳትነቃ እጄን ከሥሯ ሰደድኩ። እርጥብ ነበር፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣ። እጄን ቶሎ አላነሣሁትም።