የቅቤው ጉድጓድ

ኮሮና አገር ሲገባ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ የገንፎ ቤት ነበረኝ። ቤቱን ያከራዩኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጠዋት ጠዋት ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ትልቅ የበቆጂ ገብስ ገንፎ ከበው ይቀመጣሉ። መሃሉ ላይ የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ አለ። ደንቡ ሁሉም ከፊቱ እየቆረሰ እንዲያጠቅስ ነው። ጋሼ ግን ሰዎቹን ወሬ ያስይዙና የገንፎውን ግድግዳ ከሥር ሰርስረው ቅቤውን ወደ ራሳቸው ያፈሱታል። እኚህ ሰው ግብረገብ ያስተምሩ ነበር አሉ!

ከቀበሌ መጡና «በአንድ ሳህን መብላት ክልክል ነው፤ ለየብቻ አቅርቢ» አሉኝ። ቀላል መሰላቸው! አንዱ ገንፎ አራት ሲሆን ዱቄቱ ያው ነው፤ ጉድጓዱ ግን አራት ሆነ። አራቱም እስከ አፋቸው ካልሞሉ ኩርፊያ ነው። ዋጋ እንዳልጨምር መናኸሪያው ጭር ብሏል፣ ማን ሊበላልኝ? ጉድጓዱን አሳነስኩት።

ጋሼ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ሳህኑን አዩ። «አንቺ፣ ቅቤው የት ሄደ? እሱም ኳራንቲን ገባ?»

«ርቀቱን ጠብቆ ነው፣ ጋሼ።»

ቀስ በቀስ ጓደኞቻቸው ቀሩ፤ ልጆቻቸው ከቤት እንዳይወጡ ከልክለዋቸው። ጋሼ ጥግ ላይ ሁለቴ ጎርሰው ይተዉታል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ነው ያደግነው፤ ዘንድሮ አብሮ የበላ አብሮ ይሞታል አሉን» ይላሉ። እኔም ኪራይ መክፈል አቃተኝ። የእሳቸው ጡረታ ደግሞ ምን አላት? ቤቱን ለሞባይል ሻጭ ሊሰጡት መሆኑን ነገሩኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ልጆቼን በምን ላሳድግ ነው?

ቁልፉን ሊረከቡ የመጡ ዕለት የቀረችኝን ዱቄት አገነፋሁ። ቅቤውን የዕቃው ቂጥ ሳይቀር ጠርጌ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥኩት። ለማን ላስቀምጠው! ቁልፉን ከሳህኑ ጎን አኖርኩላቸው።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«ክልክል ነው፣ ጋሼ።»

በማንኪያቸው ገንፎው ላይ መስመር አሰመሩ። «ከዚህ ወዲያ ያንቺ ነው። ሁለት ሜትር ነው ብለሽ አስቢው።»

ተቀምጬ በላሁ። መቼም አመል አይለቅም፣ ከሥር መሰርሰር ጀመሩ። ግድግዳው ሲናድ ግን ቅቤው የፈሰሰው ወደ እኔ ነው።

«ጨው አንሶታል» አሉ ማስካቸውን እየሳቡ፣ «ነገ አስተካክዪ።» ቁልፉን ሳይነኩት ወጡ።